የሳርሚ ሐይቅ ሰባት ራሶች

ራውና መቅዘፊያዎቹን ወደ ደረቷ ስትስብ ጀልባዋ ወደፊት ትሄዳለች፤ ትንፋሽ ልትወስድ ስትል ነፋሱ መልሶ ይገፋታል። ከመቃብር ደሴት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወደብ በደህና ቀን የአንድ ሰዓት ቀዘፋ ነው። ዛሬ ግን ሐይቁ ከደቡብ ተነሥቶባታል፣ የፖስታው ጀልባም እኩለ ቀን ላይ ይነሣል። ዶክተሩ ከነሣጥኖቹ የሚሄደው በእሱ ነው። ከሣጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ደግሞ የእናቷ ራስ አለ።

"ቀስ በይ እንጂ" አለ ሳሞል፣ ከኋላ መሪውን እንደያዘ። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው የአባቷ ወንድም ነው፤ ጉልበቱ ቢያልቅም ወሬው አላለቀም። "እኔ ለመስጠም አልቸኩልም። ከሞቱ በኋላም ዕረፍት እንደሌለ ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አጎቴ፣ አንተ መሪውን ብቻ ያዝ።"

"ይዣለሁ። ምላሴን የሚይዝልኝ ነው የጠፋው።"

አልሳቀችም። መዳፏ ተልጦ የመቅዘፊያው እጀታ ደም ነክቶታል። አምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሏን ቀብራለች፣ መንጋዋን ብቻዋን ትጠብቃለች፣ ሐይቁንም ታውቀዋለች። ልትደርስ ቆርጣለች፤ ትደርሳለች።

ዕለቱ በሰኔ የሚውለው የዮሐንስ በዓል ዋዜማ ነበር። በዚያ ቀን የሳርሚ ሴቶች ወደ ደሴቲቱ ተሻግረው የዘመድ መቃብር ያጸዳሉ፣ ለምለም ቅጠልም ይጎዘጉዙበታል። እኛ ሳሚዎች፣ የሰሜን ጫፍ አጋዘን አርቢዎች፣ ሙታናችንን ደሴት ላይ የምንቀብረው የየብስ አውሬ እንዳይቆፍራቸው ብለን ነው። ራውና ግን ጠዋት ቅጠሏን ታቅፋ ስትደርስ ሰባት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ማን እንደቆፈረው ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም። ከደቡብ የመጣው ዶክተር ስቴንሮስ ሳምንቱን ሙሉ በመንደሩ እየዞረ የሰው ራስ ሲለካ ሰንብቷል፤ የሕያዋኑ አልበቃው ብሏል ማለት ነው።

እነዚያ ሰባቱ የተኙት በሣጥን አልነበረም። አጋዘን በሚጎትታት፣ ግማሽ ታንኳ በምትመስል የበረዶ ጋሪ ነበር። ጋሪዎቹን የሠራው የራውና አባት አንታራስ ነው። አንታራስ ለሙት የሚሆን ጋሪ ሲሠራ፣ አፍንጫዋ ላይ የሟቹን ቤት የአጋዘን ምልክት ይቀርጽባታል፤ ያው ጥጃ እናቱን ሲከተል ታይቶ በባለቤቷ ስም ጆሮው ላይ በቢላ የሚቆረጠውን ምልክት። ወዲያኛው ዓለም ሲደርሱ የገዛ መንጋቸው እንዲያውቃቸው ነው ይል ነበር። ከእሱ በኋላ እነዚያን የጥንት ምልክቶች ለይቶ የሚያነብ ሰው ሁለት ብቻ ቀርቷል፤ ራውናና ሳሞል።

የእናቷን ጋሪ በተቀረጸባት ሁለት ጭረትና አንድ ሹካ አወቀቻት። አጎንብሳ አየች። እጆቿ፣ ቀበቶዋ፣ የልብሷ የብር ቁልፎች ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። ከአንገት በላይ ያለው አፈር ብቻ ነው። ራውና አላለቀሰችም። የትከሻ ልብሷን አውልቃ ጎዶሎውን ቦታ ሸፈነችና ወደ ጀልባዋ ወረደች። በዕድሜዋ እንዲህ ተናዳ አታውቅም።

"ግን ከሰባቱ ጉድጓድ አንዱ የማን እንደሆነ ልብ ብለሻል?" አለ ሳሞል።

"ብያለሁ።"

"ቄስ ቬሰልን እኮ ነው ይዘዋቸው የሄዱት።" ሽማግሌው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "አያቶቻቸው ከጀርመን በመርከብ የመጡ፣ ሾርባ ሳይጠጡ የማይተኙ ቄስ።"

ቄስ ቬሰል ከዋናው ከተማ ተመድበው የመጡ ነበሩ። በ1885 መጋቢት፣ በበረዶው ወራት ጉብኝታቸው ላይ፣ ሳንባቸው ታሞ አንታራስ ቤት ሞቱ። ምድሩ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ የሣጥን ጣውላ ለማግኘት የስምንት ቀን መንገድ ያስፈልግ ነበር። አንታራስ ለራሱ የሠራትን አዲስ ጋሪ ሰጣቸው፤ በረዶው ሲቀልጥ በእሷው ተቀበሩ። ቄሱ አጋዘን ስለሌላቸው ምልክት አልነበራቸውም። አንታራስ ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ውሎ የተዘጋ መጽሐፍ ከነማያያዣው ቀረጸላቸው። ራውና ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ቢላውን እያቀበለችው አይታለች።

"አጎቴ" አለች። "ዶክተሩ ጋ ስንደርስ ስለ ቄሱ ትንፍሽ እንዳትል።"

"እኔ? መቼ ነው አፌ የሚያመልጠኝ?"

"ሁልጊዜ።"

"እሱስ እውነት ነው" አለና አፉን ዘጋ።

ወደብ ሲደርሱ የፖስታው ጀልባ ገና አልመጣም። ዶክተር ስቴንሮስ በሰበካው አዳራሽ ነበር፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ትንኝ አንገቱን የበላችው የአርባ ዓመት ሰው። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊና ደዋይ ኦልቪ ሣጥኖቹን በደረቅ ሣር እየጠቀጠቀለት ነው። ኦልቪ ራውናን ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ጀልባውንም አካፋውንም ያዋሰው እሱ ነበር።

"ራውና አይደለሽም?" አለ ዶክተሩ ፊቱ ፈካ ብሎ። "ማክሰኞ ለክቼሻለሁ። ቁጥር ሠላሳ ሁለት።"

"እናቴን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ።"

ዶክተሩ ፈገግታውን ሰበሰበ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። "ፈቃድ አለኝ። የአገረ ገዥው ማኅተም አለበት።"

"እናቴ ፈቅዳለች?"

"አውሬ ፈርተን ነበር ውሃ ያሻገርናቸው" አለ ሳሞል፣ ሳይጋበዝ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። "ማኅተም ያለው አውሬ እንዳለ ማን ነገረን?" ሳሞል ሰባ ዓመት ካለፈው ወዲህ አንቱ የሚለው እግዜርንና ሙታንን ብቻ ነው።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ኦልቪን አስወጥቶ በሩን ሊዘጋ አሰበና ተወው። "ስሚኝ ራውና፤ ክፉ ሰው አይደለሁም። ፊንላንድ በራሷ ከቆመች ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሕር ማዶ ያሉት ሊቃውንት ምን እንደሚሉን ታውቂያለሽ? ከእስያ የመጣችሁ ናችሁ፣ ቋንቋችሁም ደማችሁም የአውሮፓ አይደለም ይሉናል። አንድ ጊዜ እራት ተጋብዤ፣ አንዱ ፕሮፌሰር በሰው ፊት ራሴን ለካኝ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበው። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀብኝ።"

"ስንት ወጣህ?" አለ ሳሞል።

"ሰማንያ አራት።"

"ብዙ ነው?"

"ቁጥሩ ሲጨምር ራሱ ወደ ጎን ሰፍቷል ማለት ነው። እነሱ እንደሚሉት በሰፋ ቁጥር ከአውሮፓ ይርቃል።"

"እና የእናቴ ራስ ምን ያደርግልዎታል?" አለች ራውና።

"ድንበሩን ያሳይልኛል። የአውሮፓ ድንበር ወንዝና ተራራ አይደለም፤ እዚህ ነው።" ጣቱን ግንባሩ ላይ አደረገ። "እኛ ወዲህ፣ እናንተ ወዲያ መሆናችሁን በቁጥር ካሳየሁ ከእንግዲህ ማንም አይስቅብንም። እናንተን መናቄ አይደለም። ግን አንድ ቦታ ላይ መስመሩ መሰመር አለበት።"

ራውና ማክሰኞ ዕለት ጆሮ ግንዷን የነካትን ቀዝቃዛ ብረት አስታወሰች። ያኔ ለሴቶቹ አንዳንድ ፓኬት መርፌ ሰጥቷቸው ነበር። መርፌው አሁን አሳፈራት።

"እኔ የተጠመቅሁት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው" አለች። "የመዝሙር መጽሐፌን አነባለሁ። ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ ወዲያ ነሽ ብሎ አልፎኝ አያውቅም። ወዲያ የሚሉት የት ነው?"

"ያ ልማድ ነው። መዝሙርም ግብርም ይለመዳል። ደም ግን አይዋሽም።"

"እንግዲያው የማይዋሸውን ያሳዩኝ። ከሰባቱ ለእርስዎ የሚበልጥብዎ የትኛው ነው?"

ዶክተሩ ተገረመ፤ ደስም አለው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው አልነበረም። የሁለተኛውን ሣጥን ሣር ገለጠና አንድ የራስ ቅል በሁለት እጁ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ግንባሩ ላይ በሰማያዊ የሰም እርሳስ ቁጥር አራት ተጽፎበታል። ራውና ፊቷን አላዞረችም።

"ይኸውልሽ" አለ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። "ስፋቱን እይ፣ የጉንጩን አጥንት እይ። በስምንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ጥርት ያለ የምሥራቅ ራስ አጋጥሞኝ አያውቅም። ከሰባቱ ሌላ ባላገኝ እንኳ ይኼ ብቻውን መጽሐፍ ያጽፋል። ይህ ሰው አውሮፓ ውስጥ ኖሯል፣ አውሮፓዊ ግን አልነበረም።"

ከወንበሩ በኩል ሳል ተሰማ። ሳሞል ባርኔጣውን አፉ ላይ አድርጎ ነበር።

"ክርስቲያንስ ነበር?" አለች ራውና።

"ከላይ ከላይ ምናልባት።" ዶክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። የእያንዳንዱን ጋሪ ምልክት ከየቁጥሩ አጠገብ ጥንቅቅ አድርጎ ስሎታል፤ እጁ ጥሩ ነበር። "ጋሪው ላይ የተቀረጸለትን እይ። አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ ዘለበት። የድሮ ጠንቋዮች ከበሮ ይመስለኛል። እንዲያውም ጠንቋይ ሳይሆን አይቀርም።"

አሁን ሳሞል መቆጣጠር አቃተው። ከነወንበሩ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ኦልቪ" አለች ራውና፣ ዓይኗን ከዶክተሩ ላይ ሳትነቅል። "የ1885ን የሙታን መዝገብ አምጣልኝ። መጋቢትን።"

ኦልቪ እንደ በደለኛ ተጣድፎ ወጣና ጥቁሩን መዝገብ ይዞ ተመለሰ። ገጹን ሲያገኝ ፊቱ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ለራሱ አነበበው፣ ቀጥሎ ጮክ ብሎ፦ "ፍሬድሪክ ቬሰል፣ የዚህ ሰበካ ቄስ፣ ከጀርመን ነጋዴዎች ቤተሰብ በዋናው ከተማ የተወለዱ። በሳንባ በሽታ አረፉ። ጣውላ ስላልተገኘ አንታራስ በሠራት የበረዶ ጋሪ ተቀበሩ። ጋሪዋ ላይ የቅዱስ መጽሐፍ ምስል አለ።"

"መጽሐፍ እንጂ ከበሮ አይደለም" አለ ሳሞል ዓይኑን እየጠረገ። "እኔ ራሴ ነኝ የተሸከምኳቸው። ከባድ ሰው ነበሩ።"

ዶክተር ስቴንሮስ እንደ ጉጠት የተቆለመመውን የብረት መለኪያ አንሥቶ የራስ ቅሉን እንደገና ለካው። ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን ለሦስተኛ ጊዜ ለካው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን ቀርቶ ነበር። ራውና አጎንብሳ ከቁጥር አራት ፊት ለፊት የተጻፈውን አየች። ሰማንያ አራት ይላል።

ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ማየቷን አውቋል። ሳሞልም አንገቱን አስግጎ አነበበው፤ ቅድም ጠይቆ የሰማው ቁጥር ነው።

"ቄሱን እመልሳለሁ" አለ ዶክተሩ በመጨረሻ። ድምፁ ደርቋል። "ስሕተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ በክብር ይቀበሩ። ስድስቱ ግን..."

"ስድስቱ ምን?" አለች ራውና። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱታውን ተወችው። "ስድስቱ እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ?"

"በጋሪ የተቀበሩ ናቸው።"

"ቄሱም በጋሪ ነው የተቀበሩት። ከስድስቱ መሐል ሌላ ቄስ እንደሌለ በምን ታውቃለህ? በረዶ የያዘው ነጋዴ፣ መንገድ የጠፋው ወታደር፣ አባቴ ስንቱን ነው በጋሪው የቀበረው? መዝገቡ የሰውን ስም እንጂ የጋሪውን ምልክት አይነግርህም። ምልክቱን የሚያነብልህ እኔ ነኝ። አላነብልህም።"

ዶክተሩ ወደ ሳሞል ዞረ።

"እኔ ዓይኔ ደክሟል" አለ ሳሞል። "ከበሮና መጽሐፍ እንኳ መለየት አቅቶኛል።"

ከውጭ የፖስታው ጀልባ ፉጨት ተሰማ። ኦልቪ ከሣጥኖቹ አጠገብ ቆሞ አንዴ ዶክተሩን አንዴ ራውናን ያያል። ዶክተሩ ክዳኑ ላይ እጁን አሳርፏል። ራውና መሐል ወለሉ ላይ እንደቆመች ነው፤ ሣጥኖቹ በእሷ ላይ ካልሆነ በቀር በዚያ በር እንደማይወጡ ቁመናዋ ይናገራል።

"ይዤ እሄዳለሁ ካልክ መሄድ ትችላለህ" አለች። "ማኅተም አለህ። ግን ስድስት ስማቸው የማይታወቅ ራሶች ነው የምትወስደው። እዚያ ማዶ እራት ላይ ስትጠየቅ፣ እነዚህ እነማን ናቸው ሲሉህ፣ ምን ትላቸዋለህ? ደም አይዋሽም ትላቸዋለህ?"

ዶክተሩ ደብተሩን ዘጋው። እንደገና ከፈተው። ብዕሩን አንሥቶ የቁጥር አራትን መስመር ሰረዘ፤ እጁ ገጹ ላይ እንዳለ ቆየ። ቀጥሎ ገጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ጭረት ሰረዘው። ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ሳይሆን ድካም ነበር፤ ራውና ባትፈልግም አሳዘናት።

"ይውሰዷቸው" አላት። "እርስዎ ይውሰዷቸው፣ ወይዘሮ ራውና።"

ለብዙ ዓመት ወይዘሮ ብሎ የጠራት ከደቡብ የመጣ ሰው አልነበረም። አላመሰገነችውም። አንዱን ሣጥን ራሷ አነሣች፣ ሁለተኛውን ኦልቪ ተሸከመ። ወደቡ ላይ ኦልቪ ሣጥኑን ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠላት። "ነገ አካፋህን ይዘህ ትመጣለህ" አለችው። "መቆፈር ካወቅህ መድፈንም ታውቃለህ።"

ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላ ሆነላቸው። ሳሞል መንገዱን ሙሉ ዝም አለ፤ ያ ብቻውን ተአምር ነው።

ደሴቲቱ ላይ ራውና ሣጥኖቹን ውሃው ዳር አወረደች። ሰባቱን አውጥታ ጉልበቷ ላይ እያኖረች ማጠብ ጀመረች። እናቷ ግንባር ላይ በዚያ በሰማያዊ እርሳስ ቁጥር ተጽፎ አንዲት ሌሊት ማደር እንደሌለበት ነበር የምታስበው። አሸዋና አመድ ወስዳ ፈተገችው፤ የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ቄሱንም አልተወችም፤ እሳቸውስ ቁጥር ምን አደረጋቸው? ሁሉንም ንጹሕ አድርጋ ለምለሙ ሣር ላይ ደረደረቻቸውና እጇን አደራረቀች።

"ጨረስሽ?" አለ ሳሞል፣ ጉድጓዶቹን ሲያስተካክል ቆይቶ ወደ ታች እየወረደ።

"ጨረስኩ።"

"እሺ። የትኛዋ ናት እናትሽ?"

ራውና አየቻቸው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ሦስቱ ጥርስ የላቸውም፤ እናቷ ስትሞት ጥርስ አልነበራትም፣ ግን ያኔ ጥርስ የነበረው ሽማግሌ ማን ነበር? አንዱን አነሣች፣ መለሰችው። ሌላውን አነሣች። የሚለያቸው፣ በዶክተሩ ደብተር ከየጋሪያቸው ጋር የሚያገናኛቸው፣ ቁጥሩ ብቻ ነበር። ቁጥሩን ደግሞ በገዛ እጇ አጥባ ሐይቅ ውስጥ ጨመረችው።

ለዶክተሩ በምን ታውቃለህ ብላው ነበር። ሣሩ ላይ ተቀመጠች። አሁን አለቀሰች፤ ጠዋት ያላለቀሰችውንም ጨምራ።

ሳሞል አጠገቧ ቁጢጥ አለ። እሱም ረጅም ጊዜ አያቸው። አንዱን ደፈር ብሎ አንሥቶ አገላበጠ። "ይኼ ቄሱ ይመስለኛል" አለ። ትንሽ አሰበና፣ "ወይም የእኔ እናት" አለ። መልሶ በቀስታ አስቀመጠው።

ራውና ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ተነሣች። ወደ እናቷ ጋሪ ሄዳ ጠዋት ያለበሰችውን ልብስ አነሣች። ተመልሳ አንዱን ራስ ወሰደችና እናቷ ትከሻ አጠገብ አኖረችው። ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛውን። ሳሞል ነገሩ ሲገባው እሱም ተነሥቶ ያቀብላት ጀመር።

"ሁሉንም በአንድ ጋሪ?"

"እናቴ ቤት እንግዳ መጥቶ ቦታ የለም ተብሎ አያውቅም። አሁንም አይባልም።"

"ቄሱንም?"

"ቄሱ ሲሞቱ እኛ ቤት አልነበሩም?"

ሰባቱም ሁለት ጭረትና አንድ ሹካ ባለባት ጋሪ ውስጥ ገቡ፤ ጠበብ አላቸው እንጂ አልተረፉም። ራውና የትከሻ ልብሷን አለበሰቻቸው፣ ቅጠሉን ጎዘጎዘች፣ አፈሩን በእጇ መመለስ ጀመረች። ሳሞል ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

"ጸሎቱን ማን ያደርሳል?" አለ። "ያለ ቄስ እንዴት ይሆናል?"

ራውና አፈሩን ሳታቋርጥ፣ "ከመሐላቸው አንዱ ቄስ ነው" አለች።